ከቦታው የተነሣ ድንጋይ

የኔታ፦ ልጄ፣ የሰው ዘር ከሁለት መቶ ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል ብለሽ አስተማርሽ አሉኝ። ልጆቹ ማታ እኔ ዘንድ ዳዊት ሊደግሙ ሲመጡ ይጨቃጨቁበታል። ልቆጣሽ አይደለም፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብቻ ነው። ማን አየ?

መምህርቷ፦ ያየስ የለም የኔታ። የዓይን ምስክር ስለሌለ ነው ጉዳዩ ብዙ ዓመት ያከራከረው።

የኔታ፦ መንዝ ለተወለደ ሰው ሙግት እንዴት እንደሚረታ አይነገረውም። በልጅነቴ አባቴ ርስት ሲሟገት እከተለው ነበር። ከማማ፣ ከላሎ ወይም ከጌራ እወለዳለሁ የሚል ሁሉ ሐረጉን አባት በአባት ይቆጥራል፣ ሽማግሌ ያቆማል፣ ወሰኑን በእግሩ እየረገጠ ያሳያል። አንድ አባት ከዘለለ መሬቱ የለም። አንቺ ግን እልፍ አባት ዘለሽ ትቆጥሪያለሽ።

መምህርቷ፦ ወሰኑን በእግር እየረገጡ ማሳየት ያሉት ነው ክርክሩን የቋጨው። የወሰን ድንጋይ ከተተከለበት ተነቅሎ ችሎት ቢቀርብ ምን ይመሰክራል?

የኔታ፦ ምንም። ከቦታው ከተነሣ እንደ ማንኛውም ድንጋይ ነው። እንዲያውም የነቀለው ሰው ይጠረጠራል።

መምህርቷ፦ ፈረንሳይ አገር የደረሰው ይኸው ነው። ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ልጥራልዎ። ሶም በሚባል ወንዝ ዳር አቤቪል የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ቡሼ ደ ፔርት የሚባል የጉምሩክ ሹም ነበር። ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጠጠር ከሚያወጡ ሠራተኞች እጅ ድንጋይ ይሰበስብ ጀመር፤ በሁለት ፊቱ የተጠረበ፣ ከታች ወፈር ከላይ ሾል ያለ፣ መዳፍ የሚሞላ። ከዚያው ጠጠር ውስጥ ዛሬ ከምድር የጠፋ የዝሆንና የአውራሪስ ዘር አጥንት ይወጣል። ሰው ከእነዚህ አራዊት ጋር ኖሯል ብሎ በ1849 መጽሐፍ አወጣ። የፓሪስ ሊቃውንት ግን አልሰሙትም።

የኔታ፦ ለምን?

መምህርቷ፦ ድንጋዩ ያለው እቤቱ መደርደሪያ ላይ ነዋ። ሠራተኛው ቆፍሮ ያመጣል፣ እሱ ይገዛል። ከየትኛው ጥልቀት እንደወጣ ከሠራተኛው ቃል ሌላ ማስረጃ የለም። በዚያ ላይ ወፍ ወይም አውሬ የሚመስለውን ድንጋይ ሁሉ የጥንት ሰው ቅርጽ ነው እያለ ከደኅናው ጋር ቀላቀለው።

የኔታ፦ እንግዲያ አለመስማታቸው ደግ ነው።

መምህርቷ፦ መጠራጠራቸው ተገቢ ነበር፤ ሄደው አለማየታቸው ነው ጥፋቱ። ሪጎሎ የሚባል የአሚያን ከተማ ሐኪም ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ነበር። በ1854 ሳንት አሹል ወደሚባለው የጠጠር ካባ ሄደ፣ መሣሪያው የሚወጣበትን አፈር በዓይኑ አየ፣ ሐሳቡን ለውጦ ጻፈ። በዚያው ዓመት ሞተ።

የኔታ፦ ሐኪሙም ተሳስቶ ይሆናል። መሬት እኮ ይገለባበጣል። ከላይ የተጣለ ነገር በፍልፈል ጉድጓድ፣ በስንጥቅ፣ በሰው ቁፋሮ ታች ይገባል። መቃብር ሲቆፈር የሸክላ ስባሪ ከክንድ በታች ሲወጣ ስንት ጊዜ አይተናል። ሸክላው የአዳም ዘመን ነው ልንል ነው?

መምህርቷ፦ ይህንኑ ክርክር ያነሡት ባክላንድ የሚባሉ የኦክስፎርድ መምህር ናቸው፤ እሳቸውም ካህን ነበሩ። በደቡብ እንግሊዝ ኬንትስ በሚባል ዋሻ ማክኤነሪ የሚባል የካቶሊክ ቄስ ከ1825 ጀምሮ ሲቆፍር፣ ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ ካጋገረው የኖራ ንጣፍ ሥር የባልጩት መሣሪያ ከጠፉ አራዊት አጥንት ጋር አገኘ። ባክላንድ፣ የኋላ ዘመን ሰዎች ንጣፉን ሰብረው ምድጃ ቆፍረው ይሆናል አሉት። ማክኤነሪ በበኩሉ ንጣፉ እንዳልተሰበረ ያምናል። ግን ያን ትልቅ ሊቅ ፊት ለፊት ሳይሞግት፣ ሥራውንም ሳያሳትም በ1841 አረፈ።

የኔታ፦ የተጠራጠረውም ያገኘውም ካህን ነው ማለት ነው።

መምህርቷ፦ አዎ። ለባክላንድ ጥያቄ መልስ የመጣው በ1858 ነው። ብሪክሳም በሚባል ቦታ ድንጋይ ሲፈልጡ አዲስ ዋሻ ተከፈተ፤ ማንም አልነካካውም። ቁፋሮውን የመራው ዊልያም ፔንጄሊ የሚባል የትምህርት ቤት መምህር ነው። በ12 ዓመቱ ከአባቱ ጋር መርከብ ላይ ተቀጥሮ፣ ኋላ ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው። እንደ ውሃ ጉድጓድ ወደ ታች አልሰረሰረም። ንጣፍ በንጣፍ፣ የላዩን ጨርሶ ሳያነሣ የታቹን ሳይነካ ሄደ፤ እያንዳንዱን አጥንትና ድንጋይ የት እንደተኛ መዘገበ። የኖራው ንጣፍ ሳይሰበር፣ ከሥሩ የሰው መሣሪያ ከዋሻ አንበሳ፣ ከጅብ፣ ከማሞዝ አጥንት ጋር ወጣ።

የኔታ፦ መዝገቡ መልካም ነው። ነገር ግን ዋሻ ጎርፍ ይገባዋል፤ የአንዱን ዘመን ከሌላው ያደባልቃል።

መምህርቷ፦ ያኔም ያሉት እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከዋሻ ወደ ሜዳ ወጡ። በ1859፣ ምኒልክ በቴዎድሮስ እጅ መቅደላ በነበሩበት ዘመን ማለት ነው፣ ፕሬስትዊችና ኢቫንስ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወደ ሶም ተሻገሩ። አንዱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነው፤ ሌላው ወረቀት ፋብሪካ ያስተዳድራል። እንጀራቸው ሌላ ነው፤ ድንጋይና አፈር የሚያጠኑት በትርፍ ጊዜያቸው ነው። አቤቪል ሲደርሱ የቡሼን መደርደሪያ አይተው አልተመለሱም። ድንጋዩን ከአፈሩ ሳይወጣ ካላየን አንመሰክርም አሉ። ኤፕሪል 27 ቀን ሳንት አሹል ላይ አንድ የእጅ መጥረቢያ ጫፉ ብቻ ከጠጠሩ ግድግዳ ብቅ ብሎ ታየ፣ ከመሬት ወለል ከሦስት ሜትር በላይ ወርዶ። አልነቀሉትም። ፎቶግራፍ አንሺ ይዘው ነበርና መጀመሪያ ተነሣ። ፎቶው ላይ አንድ ሠራተኛ ግድግዳው ሥር ቆሞ ድንጋዩን በጣቱ ያመለክታል። በቀጣዩ ወር ፕሬስትዊች ጉዳዩን ለንደን፣ ሮያል ሶሳይቲ በሚባለው የሊቃውንት ማኅበር ፊት አቀረበ። እዚያ ከተቀመጡት ውስጥ ቀድሞ ያልተቀበሉ ነበሩበት።

የኔታ፦ ባላጋራ ባለበት መመስከር፣ ይህ ወግ ነው። ግን ጎርፉን አልመለስሽልኝም። ጀማ በአንድ ክረምት ገደል ሲንድ፣ ወንጪት እርሻ ከነአዝመራው ሲወስድ አይቻለሁ። የመቶ ዓመት ሥራ በአንድ ሌሊት ይሠራል። ያ ጠጠር የአንድ ታላቅ ውሃ ሥራ ቢሆንስ? የኖኅን ዘመን ውሃ ማለቴ ነው።

መምህርቷ፦ ጀማ ገደል ንዶ ሲያልፍ የሚተወውን ያውቁታል፤ ቋጥኙ፣ ግንዱ፣ ጭቃው አንድ ላይ ነው። ሳንት አሹል ግን ከጠጠሩ በላይ ደቃቅ አሸዋ ተነጥፏል። በአሸዋው ውስጥ የወንዝ ቀንድ አውጣ ቅርፊት አለ፤ በጥፍር ቢጫኑት የሚሰበር፣ ነገር ግን ሳይሰበር የተኛ። ገደል የሚንድ ውሃ ይህን ሙሉውን አያስቀምጥም። ደግሞ ጠጠሩ ያለው ሶም ዛሬ ከሚፈስበት በብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ወንዙ ያን ጠጠር ያነጠፈው ሸለቆውን ገና ሳይቆርጥ ነው። ከመርሐቤቴ አፋፍ ቆመው ቁልቁል ጀማን ሲያዩ፣ ውሃው መጀመሪያ ከላይ ነበር ብሎ ማሰብ ነው።

የኔታ፦ ይኸኛው ይከብዳል፤ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ከሥሩ አሸዋማው፣ ከዚያ ኖራው ድረስ በልቶ ወርዷል። አስቤበት እመለስበታለሁ። አሁን ሌላ ልጠይቅሽ፤ ያ ጣቱን የዘረጋው ሠራተኛ ስሙ ማን ይባላል?

መምህርቷ፦ መጻሕፍት የሚጠሩት የፕሬስትዊችንና የኢቫንስን ስም ነው።

የኔታ፦ አየሽ። በራሳቸው እንጀራ የሚኖሩ ቅን ሰዎች እያልሽ ታሞግሻቸዋለሽ። ነጋዴው ንግዱን፣ ሌላው ፋብሪካውን ትቶ ባሕር የሚሻገር፣ ፎቶግራፍ አንሺ የሚከራይ ሀብታም ነው። ድንጋዩን ያየው፣ የለየው፣ ያወጣው ደመወዝተኛው ነው። ላቡን ገዝተው ዕውቀቱን ካላካፈሉት ያ ሠራተኛ ምን ያደርጋል?

መምህርቷ፦ ያታልላል። አታሏልም። በ1863 ቡሼ የሰው አጥንት ላመጣልኝ 200 ፍራንክ እሸልማለሁ አለ። ሙላን ኪኞን ከሚባል የጠጠር ካባ ወዲያው መንጋጋ ወጣ። ብዙዎች አመኑ። እነ ኢቫንስ ግን አብረው የወጡትን መጥረቢያዎች ሲያጥቧቸው ቀለማቸው ለቀቀ፤ የጥርሱም ውስጥ ሲሰነጠቅ ነጭና ያልደረቀ ሆነ። ሠራተኞቹ ራሳቸው የቀበሩት ነው።

የኔታ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

መምህርቷ፦ በዋጋ የገዛው ነው እላለሁ። ድንጋዩን እየገዙ ቦታውን ሳይጠይቁ ለሃያ ዓመት ያስለመዱት ሰው፣ ዋጋ ያለው ድንጋዩ ብቻ ይመስለዋል። በዚህ አልከራከርዎትም።

የኔታ፦ ይሁን። እነዚያ ሰዎች ስንት ዓመት አሉ?

መምህርቷ፦ ምንም። ቁጥር አልነበራቸውም። ፕሬስትዊችማ ያቀረብኩት ማስረጃ ሰውን ወደ ኋላ ከመግፋት ይልቅ የጠፉትን አራዊት ወደ እኛ የሚያቀርብ ይሆናል እስከ ማለት ተጠንቅቋል። እስኪሞትም ረጅሙን አቆጣጠር አልወደደውም።

የኔታ፦ ታዲያ አሸናፊዎቹ ራሳቸው ያላሉትን ለልጆቼ የምትነግሪያቸው ከየት አምጥተሽ ነው?

መምህርቷ፦ ቅደም ተከተሉን እነሱ አጸኑት፤ ቁጥሩ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው፣ ከእኛም አገር ጭምር። እሳተ ገሞራ አመድ ሲተፋ በአመዱ ክሪስታል ውስጥ ፖታሲየም አለ። ከዚያ ፖታሲየም የተወሰነው በዝግታ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል፤ የሚለወጠው ዓይነት ፖታሲየም ግማሹ እስኪያልቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ የቆየው ጋዝ ያመልጣል፤ ከበረደ በኋላ የሚፈጠረው ግን እክሪስታሉ ውስጥ ይታሰራል። ጋዙን ለክቶ አመዱ መቼ እንደወደቀ ማስላት ይቻላል። የስምጥ ሸለቆ ምድር ደግሞ አመድ በደለል፣ ደለል በአመድ እየተነጠፈበት የኖረ ነው። አጥንቱ ከአመዱ ሥር ከተገኘ ከአመዱ ይበልጣል፤ ከአመዱ በላይ ከሆነ ያንሳል።

የኔታ፦ የኦሞው አጥንት አይደል ሁለት መቶ ሺህ ያሰኘሽ? እሱን እኔም በሬዲዮ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ሌላ ቁጥር ነበር።

መምህርቷ፦ በ1967 ነው የተገኘው። መጀመሪያ 130 ሺህ ተባለ፤ በ2005 ደግሞ 195 ሺህ። በ2022 ከአጥንቱ በላይ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ የመጣ መሆኑ ተለይቶ አጥንቱ ከ233 ሺህ ዓመት አያንስም ተባለ።

የኔታ፦ ሁለት ጊዜ ፍርድ የለወጠ ዳኛ ሦስተኛውን አይለውጥም?

መምህርቷ፦ ሊለውጥ ይችላል። ለልጆቹም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ። ግን አለዋወጡን ይዩት፤ ማስረጃ በተጨመረ ቁጥር ነው የተለወጠው። ከሦስቱ አንዱም ቢሆን አጥንቱን ከመቶ ሺህ በታች አላወረደውም።

የኔታ፦ እኔ ግን ልጆቹን የማስተምራቸው ቁጥር አይለወጥም። ለአዳም የተሰጠው ተስፋ አምስት ቀን ተኩል ነው፣ ማለት 5500 ዘመን። በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ስንደምር ከሰባት ሺህ አምስት መቶ ጥቂት ያልፋል። አጽዋማትና በዓላት ሁሉ በባሕረ ሐሳብ የሚወጡት በዚህ ነው። ይህን ውሸት ነው ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ?

መምህርቷ፦ አልነገርኳቸውም፣ አልነግራቸውምም። እንግሊዞቹም የራሳቸው ቁጥር ነበራቸው፤ ጳጳስ አሸር ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ ልደት 4004 ዓመት በፊት ነው ብለው ቆጥረዋል። የእኛ ወደ 1500 ዓመት ይረዝማል።

የኔታ፦ የእኛ የሰብዓ ሊቃናትን ስለሚከተል ነው። ግን ብልሃተኛ ሆነሽ አታልፊኝም። አንዱ ልጅ ነገ ተነሥቶ፣ የኔታ 7500 ይላሉ፣ መምህርቷ 233 ሺህ ትላለች፣ ማን ዋሸ ቢልሽስ?

መምህርቷ፦ ማንም አልዋሸም እለዋለሁ። የኔታ የሚቆጥሩት የተስፋውን ዘመን ነው፤ እኔ የምቆጥረው አመዱ የወደቀበትን።

የኔታ፦ ይህ መልስ ለአንቺ ይበቃሻል፤ ለእኔ አይበቃኝም። ተስፋው የተሰጠው በምድር ላይ ለኖረ ሰው ነው፤ ለሐሳብ አይደለም። ያ ሰው በየትኛው ቆጠራ እንደሚገባ እስክትነግሪኝ ድረስ ጥያቄዬ እንደቆመ ነው።

መምህርቷ፦ እንደቆመ ይቆይ የኔታ። እኔም ለእሱ የምሰጠው የአፈር ማስረጃ የለኝም።

የኔታ፦ ይኸው ነው፤ ዞሮ ዞሮ ሰው ከጭላዳ መጣ ልትሉን ነው።

መምህርቷ፦ ያ ሌላ ክርክር ነው። ዳርዊን መጽሐፉን ያወጣው እነ ፕሬስትዊች ማስረጃቸውን ካቀረቡ ከስድስት ወር በኋላ ነው። የሰውን ጥንታዊነት የተቀበሉ ብዙዎች ዳርዊንን አልተቀበሉም።

የኔታ፦ እሺ፣ ፈረንሳዩንም ኦሞውንም እንተወው። መንዝን ምን አገባው? በዚህ ብርድ የጥንት ሰው ምን ሊሠራ ይወጣል?

መምህርቷ፦ በጠራ ቀን ከጓሳ ጫፍ ሆነው ወደ ምሥራቅ ሲያዩ ታች የአፋር ቆላ ይታያል። ከዚያ በቀጥታ ቢለካ መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ቦታ ሄርቶ አለ። በ1997 የሁለት ዐዋቂዎችና የአንድ ሕፃን ራስ ቅል ተገኘበት፣ ወደ 160 ሺህ ዓመት የሆነው። የሕፃኑ ራስ ቅል ከ180 በላይ ስባሪ ሆኖ ነው የተለቀመውና የተገጣጠመው። በድንጋይ ስለት ሥጋው የተገፈፈበት ጭረት አለው፤ የአጥንቱ ገጽ ደግሞ ለስልሷል። አጥኚዎቹ፣ ከሞተ በኋላ ሰዎች ይዘውት እየዳሰሱት ኖረው ይሆናል ይላሉ።

የኔታ፦ ሙታናቸውን ያስቡ ነበር ማለት ነው?

መምህርቷ፦ ይመስላል።

የኔታ፦ የሞተ ልጁን የሚያስብ ሰው ሰው ነው። ቁጥሩን ተዪውና ይህን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ኖሮ ክርክራችን ሌላ ይሆን ነበር። ያገኙት ፈረንጆች ናቸው?

መምህርቷ፦ ከመሪዎቹ ውስጥ ብርሃኔ አስፋውና ጊዳይ ወልደገብርኤል አሉበት፤ ጥናቱ ላይ ስማቸው ተጽፏል። ሐዳር ላይ ሉሲ ከመገኘቷ በፊት በ1974 የጥንት መንጋጋ ያገኘውም አለማየሁ አስፋው ነው። የሳንት አሹሉን ሠራተኛ የረሳው ታሪክ እነዚህን አልረሳም። ስለ ብርዱ ደግሞ፣ ባሌ ተራራ ላይ ፊንጫ ሀበራ በሚባል የድንጋይ መጠለያ፣ ከጓሳችን በሚቀራረብ ከፍታ፣ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ይመላለሱበት እንደነበር በ2019 ታትሟል። ፍልፈል የሚመስለውን የባሌ ግዙፍ አይጥ እየጠበሱ ይበሉ ነበር። እሳታቸው፣ አጥንቱ፣ የባልጩት መሣሪያቸው በቦታው ተገኝቷል። ብርድ ሰውን አልከለከለም።

የኔታ፦ ስለዚህ ልጆቹ እየዞሩ ድንጋይ ይልቀሙ ነው የምትይው?

መምህርቷ፦ በፍጹም! የምፈራው እሱን ነው። ያ የወረቀት ፋብሪካው ኢቫንስ በ1896፣ በዓድዋው ዓመት፣ ሲተን ካር የሚባል እንግሊዛዊ አዳኝ ከሶማሌ ምድር ያነሣቸውን የእጅ መጥረቢያዎች ተቀብሎ ልክ እንደ ሶም ድንጋዮች ናቸው ሲል በሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። ቅርጻቸውን ማወዳደር ቻለ፤ ዘመናቸውን ሊናገር አልቻለም። አዳኙ ከመሬት ገጽ ለቅሞ በየአገሩ ሙዚየም አከፋፈላቸው። ዛሬም መስታወት ውስጥ አሉ፤ ከየትኛው ንጣፍ እንደመጡ የሚናገር አፈር ግን አብሯቸው አልሄደም። በተቃራኒው መልካ ቁንጥሬን በ1963 ያየው ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው፤ አርኪኦሎጂስት አይደለም። ቦታው ሳይበተን ለአጥኚዎች ስለደረሰ ሥራው አሥርት ዓመታት ዘልቆ፣ በ2024 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የሁለቱ ልዩነት የትምህርት ማዕረግ አይደለም።

የኔታ፦ ከቦታው ማንሣትና አለማንሣት ነው።

መምህርቷ፦ አዎ። ለልጆቹ ያልኳቸው ይህን ነው፤ ለእናት አባቶቻቸውም እርስዎ ይንገሩልኝ። እርከን ስትሠሩ፣ ጉድጓድ ስትቆፍሩ፣ መንገድ ሲጠረግ፣ የተጠረበ የሚመስል ድንጋይ ወይም ያረጀ አጥንት ብታዩ አትንቀሉት፣ አትጠቡት፣ አትሽጡት። ቁፋሮውን እዚያ ላይ አቁሙ። ከነአፈሩ በስልክ ፎቶ አንሡት፤ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጡ። ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። በእኛ አቆጣጠር የ1992ቱ አዋጅ ቁጥር 209ም በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ባለበት ጠብቆ እንዲያሳውቅ ያዛል።

የኔታ፦ ይህን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔው እናገራለሁ። ሁለት መቶ ሺውን ግን አንቺው አስተምሪያቸው፤ እኔ ገና አልተረታሁም።